እያመመ መሮጥ ወይስ ማቋረጥ?

እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት አፍሪካውያን ከእግራቸው ጋር ታግለዋል። የሮምና የቶኪዮ ባለ ድል አበበ ቢቂላ ቀድሞም ያስቸግረው የነበረው እግሩ አላስኬድ ብሎት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ውድድሩን አቋረጠ። ታንዛኒያዊው ጆን ስቲቨን አክዋሪ ወድቆ ጉልበቱ ቢጎዳም አሳስሮ ቀጠለ። ማሞ ወልዴ ወርቁን ለኢትዮጵያ ካስገኘ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ አክዋሪ እያነከሰ የመጨረሻው ሆኖ ገባ። የሁለቱ ጉዳት ቀላል አልነበረም። ጥያቄያቸው ግን በመንገድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለውን፣ ባቱ የተሸማቀቀውን ሯጭ ሁሉ ይመለከታል፦ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ቀጥል የሚሉት ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ረጅም ርቀት ያለ ሕመም አይሮጥም። ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ ጎን ይወጋል፣ እግር ውኃ ይቋጥራል፤ ብዙው ፍጥነት ቀንሰው ሲረጋጉ ያልፋል ወይም ይቻላል። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2015 በበርሊን ማራቶን የጫማው ውስጠኛ ሶል ወጥቶ እየተንጠለጠለ፣ እግሩ እየደማ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ አሸንፏል። ለሙያው ሯጭ ደግሞ አንድ ውድድር የወራት ልምምድ ዋጋና የቤተሰብ ቀለብ ነው። ያንን በትንሽ ሕመም ጣለው ማለት ከዳር ሆኖ ለሚያይ ብቻ ይቀላል።

አቁም የሚሉትም እውነት ይዘዋል። ያመመው እግር አረጋገጡን ይለውጣል፤ ሸክሙ ወደ ሌላው ጉልበትና ዳሌ ይዞራል፤ አንዱ ጉዳት ሁለት ይሆናል። ገና መሰንጠቅ የጀመረ አጥንት ካላረፈ ሊሰበር ይችላል፤ በሳምንታት የሚድነው ወራት ይፈጃል። ሰውነት በውድድር ሙቀት ሕመምን ስለሚያደነዝዝ የሯጩ ስሜት ራሱ ያሳስታል። ማስታገሻ ውጦ መቀጠል ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያጠፋም፤ ላብ ውኃውን በጨረሰው ሰውነት ውስጥ እንደ አይቡፕሮፌን ያለው መድኃኒት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ውጤቱን አይቶ መፍረድም አይቻልም። አክዋሪ በጉዳት ቢጨርስም በ1970 በኤድንብራ የኮመንዌልዝ ማራቶን 5ኛ ወጥቷል። አበበ እግሩን ቢያተርፍም በ1969 የደረሰበት የመኪና አደጋ ዳግም እንዳይሮጥ አደረገው። ውሳኔ የሚመዘነው በዚያች ሰዓት በሚታወቀው ነው። ሕመሙ ተበታትኖ የሚሰማና ሲሮጡ የሚለቅ ከሆነ ቀስ ብሎ መሞከር ተገቢ ነው። በጣት በሚጠቆም አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ በየርምጃው ከጨመረ፣ ወይም ካስነከሰ መቆም ይሻላል።

ስለ ማገገምም ክርክሩ ተመሳሳይ ነው። ሐኪሙ ጌብ ሚርኪን በ1978 ዕረፍትን፣ በረዶን፣ ማሰርንና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን አንድ ላይ አስተዋወቀ፤ በረዶ የሰውነትን የራስ ጥገና ሊያዘገይ እንደሚችል ከብዙ ዓመታት በኋላ የጻፈውም እሱ ራሱ ነው። ዛሬ ለቀላል ወለምታ የሚመከረው የመጀመሪያዎቹን ቀናት መጠበቅ፣ ቀጥሎ ሕመሙ በፈቀደው ልክ መራመድ፣ ከዚያም ሶምሶማ ነው። ፈጽሞ መተኛት ጡንቻን ያሰንፋል፤ መቸኮል ደግሞ ጉዳቱን ይመልሳል። የወጌሻ እጅም ቦታ አለው፤ ነገር ግን ገና ያበጠን እግር አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል፤ እግር መርገጥ ካልቻለ ራጅ ይቅደም።

ሁለቱንም ወገን ሳደምጥ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ክብርን ለአንዱ ብቻ መስጠታችን ነው። እያነከሰ የጨረሰውን እናጨበጭብለታለን፤ ያቋረጠውን «ምን ነካው?» እንለዋለን። ወጣት ሯጮች ሕመማቸውን ከአሰልጣኝ የሚደብቁት ቦታቸውን እንዳያጡ ፈርተው ነው፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ክለቦች «አሞኛል» ብሎ የተናገረን ልጅ ቦታ ቢጠብቁለት፣ መቀጠልም ማቆምም ከፍርሃት የጸዳ ውሳኔ ይሆናል። መጨረሻው ላይ እግሩ የሯጩ ነው፤ የመወሰን መብቱም የእሱ ይሁን።