በሻንጣ የሚገባው መርፌ

ከኤድና ሞል ተነሥቶ በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ በእግሩ ለሚዘዋወር ሰው ፋርማሲና የቆዳ ውበት ክሊኒክ ብርቅ አይደለም። ማድያት አጠፋለሁ የሚለው፣ ፀጉር አበቅላለሁ የሚለው፣ ጠባሳ አለሰልሳለሁ የሚለው ሁሉ ማስታወቂያውን ሰቅሎ ደንበኛ ይጠብቃል። ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ ሕመም የጠናበት ሰው ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የስቴሮይድ ቅባት ነው። በሌላው ዓለም እንደ እሱ ላለ ታማሚ የሚታዘዘው ባዮሎጂክ የተባለው፣ በሕያው ሴል ውስጥ የሚመረተው መርፌ በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን እንደ ልብ አይገኝም። አቅም ያለው ከሕንድ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያስመጣዋል፤ አቅም የሌለው ስሙንም ሳይሰማ ይኖራል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ “ባዮሎጂክ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው” የሚለው አቋም መድኃኒቱን ከአገር ማስቀረት አልቻለም። ማስቀረት የቻለው ቁጥጥሩን፣ ቅድመ ምርመራውንና በዋጋ የመደራደር ዕድሉን ብቻ ነው።

ሶሪያሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በስህተት በገዛ ቆዳው ላይ ሲነሣ የሚመጣ የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። ጤነኛ ቆዳ ራሱን ለማደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሶሪያሲስ ግን ይኸው ሥራ በጥቂት ቀናት ይጠናቀቅና ገና ያልጎለመሱ ሴሎች እላይ በላይ ይከመራሉ። በክርን፣ በጉልበት፣ በወገብና በራስ ቅል ላይ ብርማ ቅርፊት ያለው ወፍራም ንጣፍ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ፎቶ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ይህ ንጣፍ በእኛ ቆዳ ላይ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ስለሚያደላ ከችፌና ከቋቁቻ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከቁምጥና ጋር ሲምታታና ጎረቤት መጨባበጥ ሲያቆም ነው። ነገሩ በቆዳም አያበቃም፤ እስከ ሲሶ የሚደርሱት ታማሚዎች መገጣጠሚያቸው ይታመማል፣ ጣታቸው ያብጣል፣ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሶሪያሲስን ብቻ የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ ያሳለፈው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ ይህ ሕመም እንዳለበት ያስታወቀው ጉዳዩ የመልክና የውበት ብቻ ስላልሆነ ነው።

እኛ ጋ ሕክምናው ምን እንደሚመስል የፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ያለቀ የቅባት ቱቦ ይዞ “እንደዚህ ያለውን ስጠኝ” የሚል ሰው አይጠፋም፤ ማዘዣ የሚጠየቀው አልፎ አልፎ ነው። ከእነዚህ ቅባቶች ኃይለኛ የሆነው ክሎቤታሶል ያለ ሐኪም ክትትል ከ2 ተከታታይ ሳምንት በላይ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም በላይ መቀባት እንደሌለበት በራሱ ማብራሪያ ላይ ተጽፏል። ለዓመታት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ እንደ ወላድ ሆድ ይሸነታተራል፤ ሲቆም ደግሞ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። ስቴሮይዱ በክኒን ወይም በመርፌ ተሰጥቶ በድንገት ከተቋረጠ መላ ሰውነትን በመግል ነጠብጣብ የሚሸፍን፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ ዓይነት ሶሪያሲስ ሊቀሰቅስ ይችላል። በርካሽ የተገኘ የሚመስለው ሕክምና ቆይቶ የሚያስከፍለው ዋጋ እንዲህ ነው፤ በጤና በጀት ላይ ግን በሶሪያሲስ ስም ተመዝግቦ አይታይም።

ለጠናበት ሰው ከቅባት ቀጥሎ የሚመጣው ሜቶትሬክሴት ነው። ርካሽ ነው፣ አገር ውስጥም ይታወቃል፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። (በየቀኑ የሚወሰድ መስሎት የተሳሳተ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ ፋርማሲስቶች ይህን ደጋግመው ቢናገሩ አይበዛም።) “ሜቶትሬክሴት እያለ ምን ባዮሎጂክ ያስፈልጋል?” የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ለብዙ ታማሚዎች ልክ ናቸው፣ መጀመር ያለበትም በእሱ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ሁለቱን መድኃኒቶች ፊት ለፊት ያነጻጸረ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። ከ16 ሳምንት በኋላ ሕመማቸው ቢያንስ በ75 በመቶ የቀነሰላቸው፣ አዳሊሙማብ የተባለውን ባዮሎጂክ ከወሰዱት ከመቶ 80 ገደማ፣ ሜቶትሬክሴት ከወሰዱት 36 ገደማ፣ ምንም ፈዋሽ ነገር የሌለበትን ከወሰዱት 19 ገደማ ነበሩ። ሜቶትሬክሴት ያልሠራለት፣ ጉበቱ የማይችለው ወይም ማርገዝ የምትፈልግ ሴት ወዴት ይሂዱ? በአሁኑ ሁኔታ መልሱ ወደ ቅባቱ ወይም ወደ ሻንጣው ነው።

ሻንጣውን ጠጋ ብለን እንየው። አዳሊሙማብ እንደ እስክሪብቶ ባለ መርፌ ተሞልቶ ይመጣል፤ መጀመሪያ 80 ሚሊግራም፣ ከሳምንት በኋላ 40፣ ከዚያ ወዲያ በየ2 ሳምንቱ 40 ሚሊግራም ጭን ወይም ሆድ ላይ ይወጋል። በዓመት 26 ገደማ መርፌ መሆኑ ነው። ዘመድ የሚያመጣው ግን አራት ወይም ስድስት ነው፤ እሱ ካለቀ ቀጣዩ መንገደኛ እስኪገኝ ይጠበቃል። እየተቋረጠ የሚወሰድ ባዮሎጂክን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ሊሠራበት ይችላል፤ ያኔ በብዙ ገንዘብ የተገዛው መድኃኒት መሥራቱን ይተዋል። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ሰዎች ሙቀትን ይፈራሉ፤ የመጀመሪያው የአዳሊሙማብ ምርት ግን ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 14 ቀን ስለሚቆይ የአዲስ አበባ አየር ያን ያህል ጠላቱ አይደለም። ጠላቱ በረዶው ነው። ከበረዶ ከረጢት ጋር ተጣብቆ አንዴ ከረጋ፣ ቢሟሟም መጣል አለበት፤ ፈሳሹ ግን ሲታይ ጥርት ያለ ሊሆን ስለሚችል የሚወጋው ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዚህ መንገድ የገባውን መርፌ መለያ ቁጥር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አያውቅም፣ ጉዳት ቢያደርስም መዝገብ ላይ የሚያሰፍር የለም።

ቲቢን የሚያነሡ ሰዎች ከባዱን ጥያቄ ያነሣሉ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። አዳሊሙማብና መሰሎቹ የሚያግዱት ቲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን፣ በሰውነት ውስጥ ያደፈጠን የቲቢ ባክቴሪያ አጥሮ የሚይዘውን ግንብ ከሚያቆሙት አንዱ ነው። ግንቡ ሲፈርስ ቲቢው ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ከሳንባ ውጭ ተሠራጭቶ ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ሊቃለልም አይገባም። የታወቀ መላ ግን አለው። ከመርፌው በፊት የደረት ራጅና ማንቱ የተባለው የቆዳ ምርመራ ወይም የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪም አብረው ይታያሉ። ያደፈጠ ቲቢ ከተገኘ የመከላከያ መድኃኒት ተጀምሮ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ይጠበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት የሚወሰደው የቲቢ መከላከያ በአገራችን ለኤች አይ ቪ ታማሚዎችና ለቲቢ ታማሚ ቤተሰቦች እየተሰጠ ያለ ነው፤ ከባዶ የሚጀመር ነገር የለም። እንግዲህ ቲቢን ምክንያት አድርጎ ባዮሎጂክን ከመንግሥት ሆስፒታል ማስቀረት ማንን ጠበቀ? መርፌውን ከዘመድ እጅ ተቀብሎ ቤቱ የሚወጋው ሰው ራጅም አልተነሣ፣ ማንቱም አልተወጋ። የቲቢው ሥጋት መድኃኒቱ በሐኪም እጅ እንዲያልፍ የሚያስገድድ ምክንያት ነው። መደበኛው መንገድ እስኪከፈት ድረስም የቆዳ ሐኪሞች ከውጭ ያስመጣውን ታማሚ ከመቆጣትና ከመመለስ ይልቅ ካርድ አውጥተው፣ ራጅ አስነሥተው፣ መርፌውን በሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ቢያስቀምጡለት ይሻላል።

ዋጋን በተመለከተ በከተማው የሚወራው ያረጀ ዋጋ ነው። አዳሊሙማብ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ነው፤ ለዓመታትም በዓለም ከፍተኛ ሽያጭ ያለው መድኃኒት ነበር። የባለቤትነት መብቱ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሲያበቃ ባዮሲሚላር የሚባሉት ተመሳሳይ ምርቶች ገበያ ገቡ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በዓመት 400 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣበት ከነበረው ከዚህ አንድ መድኃኒት 300 ሚሊዮኑን እንደሚያድን አስታወቀ። ያንን ያመጣው ልመና አይደለም፤ ብዙ አምራቾችን ያወዳደረ ጨረታ ነው። ሕንድ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014፣ አሜሪካ ውስጥ 1,000 ዶላር ይሸጥ የነበረውን በ200 ዶላር ያቀረበ የራሷን ምርት ለገበያ አውጥታለች። እኛ ጋ እያንዳንዱ ታማሚ ለብቻው፣ በችርቻሮ፣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖበታል። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በጅምላ ቢገዛ ሊያገኘው የሚችለው ዋጋና አንድ መንገደኛ ውጭ አገር ፋርማሲ ገብቶ የሚከፍለው አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

“ወባ እያለ፣ የካንሰር መድኃኒት እየጠፋ፣ ለእጥበት ሰው እየተሰለፈ ለቆዳ?” የሚለውን ተቃውሞ የማነሣው በአክብሮት ነው፤ የጠያቂው ልብ ያለው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነውና። ከእነዚህ ላይ አንዲት ብር መቀነስ የለባትም። ግን የምንነጋገረው ሶሪያሲስ ስላለበት ሰው ሁሉ አይደለም። በሐኪሞች ቦርድ ታይቶ ሕመሙ ከባድ መሆኑ የተረጋገጠ፣ ሜቶትሬክሴት በአግባቡ ሞክሮ ያልተሳካለት ጥቂት ሰው ነው ባዮሎጂክ የሚገባው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም በአንድ ወቅት ለአፍሪካ አይታሰብም ተብሎ ነበር፤ እኛ ጋ ግን ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠቱ ይታወሳል። ይህን ምሳሌ አብዝቼ ልጎትተው አልፈልግም፤ ያኔ ለጋሾች ከፍለዋል፣ ለሶሪያሲስ የሚከፍል ለጋሽ የለም። ስለዚህ ሸክሙ መውደቅ ያለበት መድኅን ላይ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ደመወዝተኛው እንዲያዋጣና ሲታመም እንዲታከምበት የታሰበው ይህ ሕግ ለዓመታት በወረቀት ላይ ቆይቷል። በቦሌ ሕንጻዎች ውስጥ በየወሩ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ አዋጥቶ ሊሸፍነው የሚችለው ይኸን መሰሉን ውድ፣ ግን ጥቂት ሰው የሚያስፈልገውን ሕክምና ነው።

ከሁሉም መርፌ የትኛው ይቅደም ከተባለ የእኔ ምርጫ አዳሊሙማብ አይደለም። ኡስቴኪኑማብ የሚባለው ሁለቱ የመጀመሪያ መርፌዎች በ4 ሳምንት ልዩነት ከተሰጡ በኋላ በየ12 ሳምንቱ ብቻ ይወጋል። ቲቢን የመቀስቀስ ሥጋቱ ከቲኤንኤፍ አጋጆቹ ያነሰ ነው፤ ቅድመ ምርመራው ግን አይቀርለትም። በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ ደከም ይላል፤ ለዚያ የሚሆነው ሌላ ነው። ለእኛ የሚመቸው ግን ቁጥሩ ነው፦ በዓመት አራት ወይም አምስት መርፌ ሆስፒታል ውስጥ በነርስ ሊሰጥ ይችላል፤ ታማሚው መብራት በሚጠፋበት ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ መጠበቅ አይኖርበትም፤ ከጎንደር ወይም ከደሴ የሚመጣውም በየ3 ወሩ አንዴ ቢጓዝ ይበቃዋል። ለሥጋ ደዌ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተውና ዛሬ የቆዳ ሕክምና ዋና ማዕከል የሆነው አለርት ለመነሻ የሚሆን ባለሙያም ታማሚም አለው። የኡስቴኪኑማብ ባዮሲሚላሮች በአውሮፓ ከ2024፣ በአሜሪካ ከ2025 ጀምሮ እየተሸጡ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2025 መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝሩን ሲያሻሽል ለሶሪያሲስ የሚሆኑ መድኃኒቶችን ጨምሯል። በቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ እስኪመረት እንጠብቅ የሚሉ አሉ። ባዮሎጂክ በሕያው ሴል ውስጥ የሚመረት እንጂ እንደ ክኒን ተጨምቆ የሚወጣ ስላልሆነ ያ ቀን ቅርብ አይመስለኝም፤ ባለሥልጣኑ አንድ ወይም ሁለት ባዮሲሚላር መዝግቦ፣ አቅራቢው አገልግሎት ለአለርት የሚበቃ አነስተኛ ጨረታ ለማውጣት ግን ፋብሪካ አያስፈልገውም።