የብሎኩ ገንዘብ የማን ነው?

ወደ ጀርመን ለትምህርት ሊሄድ የተዘጋጀ ልጅ ያላቸው ወላጆች ከአርባ ምንጭም፣ ከአዲስ አበባም ይደውሉልኛል። ስለ ትምህርቱ የሚጠይቁኝ ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ «እየሠራ ራሱን ይችላል አይደል?» ነው የሚሉኝ። እኔም መልሼ «የብሎኩ ገንዘብ የማን ነው?» እላለሁ። ተበድረን ነው ካሉኝ፣ ዘንድሮ አትላኩት እላቸዋለሁ። ቅር ይላቸዋል፤ «አንቺማ አልፎልሽ» ያለችኝም አለች።

ብሎክ የምንለው ለቪዛ ሲባል በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠውን የአንድ ዓመት መኖሪያ ነው። እኔ እ.ኤ.አ. በ2021 ስመጣ 10,332 ዩሮ ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ 11,904 ደርሷል። ተማሪው ጀርመን ከገባ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው ደግሞ ይኸው ገንዘብ በብር ሲሰላ በወራት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነ። በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ ከየት ያመጣዋል? ከየቦታው ይለቃቅማል። ዋሽንግተን ያለው አጎት የተወሰነ ያዋጣል፣ ዱባይ የምትሠራው አክስት የተወሰነ፣ የአባት ዕቁብ ቀድሞ እንዲወጣ ዳኛው ይለመናል። ስጦታ ቢሆን ደግ ነበር። ግን ብድር ነው፤ መመለሻውም ብሎኩ መለቀቅ የሚጀምርበት ወር ነው። ልጁ 992ቱን ተቀብሎ ለአበዳሪዎቹ ያሳልፋል፣ ራሱ በጉልበቱ ያድራል። ዓመት ሙሉ ሳይሠራ መኖር ይችላል ተብሎ ቪዛ የተሰጠው ሰው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ካልሠራ አይበላም ማለት ነው።

ሕጉስ ምን ያህል ያሠራዋል? ከማርች 2024 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል፤ ቀድሞ 120 እና 240 ነበር። በ2025ቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ ማለትም በ12.82 ዩሮ፣ 140ውን ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት ቢሠራ 14,358 ዩሮ ያገኛል። ፕሮሰስ የሚያደርጉ ኤጀንሲዎች ይህን ቁጥር ይወዱታል። ያ ሰው መቼ ክፍል ገብቶ፣ መቼ አጥንቶ፣ መቼ እንደሚተኛ ግን አይነግሯችሁም። ከዚያ ላይ የክፍሉ ኪራይ አለ፤ በወር ከ140 ዩሮ በላይ የጤና መድን አለ። ይህም ገና ሠላሳ ዓመት ላልሞላው ነው። ሠላሳ ያለፈው በተማሪ ተመን አይስተናገድም። እኛ አገር ደግሞ አምስት ስድስት ዓመት አስተምሮ ወይም ቢሮ ሠርቶ ለማስተርስ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ይህን የሚሰማው ጀርመን ከደረሰ በኋላ ነው። ባደን-ቩርተምበርግ የሚማር ከሆነማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ የትምህርት ክፍያም ይጠብቀዋል።

የመጋዘን ሥራን አውቀዋለሁ። ድሬዝደን ውስጥ የውሃ ምሕንድስና ስማር፣ በሴሚስተር ዕረፍት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን ሌሊት ሠርቻለሁ። ሥራው ነውር የለበትም፤ ሣጥን ማንሳት፣ ባርኮዱን ማስነበብ፣ ጋሪ ላይ መደርደር ነው። የሌሊት አበል ስላለው ክፍያውም ከሌላው የተማሪ ሥራ ይሻላል። ከግራዬ ኤርትራዊ፣ ከቀኜ ሶሪያዊ፣ ተቆጣጣሪያችን ፖላንዳዊ። ጀርመንኛ ስሰማ የማድረው ከድምፅ ማጉያው ብቻ ነበር፤ እሱም ዕረፍት አለቀ ለማለት። ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀን ክፍል ውስጥም ጀርመንኛ የለም። እንዲህ ሁለት ዓመት ጀርመን ኖሮ ዳቦ ከመግዛት ያለፈ ቋንቋ ሳይዝ የሚመረቅ ሐበሻ ብዙ ነው።

ከመጋዘኑ ያነሰ የሚከፍል ሌላ ሥራ አለ፤ ተማሪዎቹ ሂቪ ይሉታል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማሪ ረዳት መሆን ነው። ለውጭ አገር ተማሪ ትልቁ ጥቅሙ ከ140ው ቀን የማይቀነስ መሆኑ ነው። እኔ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎችን መረጃ እያጠራሁ፣ የተሳሳተውን ንባብ ከትክክለኛው እለይ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከቼክ ድንበር አጠገብ ያለችው የሲንቫልድ ጣቢያ አለች፤ በኦገስት 2002 በ24 ሰዓት ውስጥ 312 ሚሊ ሜትር ዝናብ የተመዘገበባት። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ግን እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ የኤልባ ወንዝ ድሬዝደንን አጥለቅልቋል። አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሥራ ሲጠይቀኝ ከውጤቴ ይልቅ ስለዚያች ጣቢያ ነበር የተጨዋወትነው፤ በጀርመንኛ፣ እኔ እየተንተባተብኩ። ቋንቋውንም ያገኘሁት እዚያው ቢሮ፣ ከጸሐፊዋና ከቴክኒሻኑ ጋር ቡና እየጠጣሁ ነው። ቡናቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለብ ያለ ውሃ ነው።

አብሮኝ የሚማር ጎበዝ ልጅ ነበር፤ በሒሳብ ከሁላችንም ይበልጣል። መምህሩ የሂቪ ቦታ ሊሰጠው ጠርቶት እምቢ አለ። ብሎኩ የተበደረው ስለነበር፣ ለአበዳሪው በየወሩ የሚልከውን የሂቪ ክፍያ አይሞላለትም። ሌሊቱን መረጠ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ፈተና ለቀጣዩ ሴሚስተር ያስተላልፋል። የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲሄድ የውጭ ዜጎች ቢሮ የሚጠይቀው ትምህርቱ ምን ያህል እንደገፋ ነው፤ ያለፋቸው ኮርሶች ዝርዝር ይታያል። ፈቃዱ ታደሰለት፣ ግን ለአጭር ጊዜ። በመጨረሻ ተመርቋል። ዕዳውንም ከፍሏል። አሁን የሚሠራው እዚያው መጋዘን ነው።

ከምረቃ በኋላ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ማንኛውንም ሥራ መሥራት ይቻላል። ዕዳ ላለበት ሰው አደገኛው ይኼ «ማንኛውም» የሚለው ነው። የቀን ገደቡ ስለተነሳ መጋዘኑ ሙሉ ሰዓት ያሠራዋል፣ ገንዘቡም ዓይን ይስባል፣ ወሩም ይነጉዳል። በመጨረሻ የሚፈለገው ግን የሙያ ሥራ ነው። ሰማያዊ ካርድ ለሚባለው ፈቃድ በ2025 አዲስ ተመራቂ በዓመት 43,760 ዩሮ ገደማ የሚከፍል ውል ያስፈልገዋል። የሙያ ሥራውን የያዘ የጀርመን ተመራቂ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ጡረታውን ከፍሎ፣ ቋንቋውን ከቻለ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል። ቤተሰብ ከልጁ የሚጠብቀው እርዳታ ያለው እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አይገኝም።

«ታዲያ የድሃ ልጅ አይማር?» የሚል ይመጣብኛል። እኔም የውሃ ሥራዎች ቢሮ ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ የብሎክ ገንዘቤ አብዛኛው ካናዳ ያለች አክስቴ የሰጠችኝ ነው፣ መልሺ አላለችኝም። ይህ ዕድል እንጂ ብልጠት አይደለም። ጀርመን የሚኖር፣ በቂ ገቢ ያለው ዘመድ ያላችሁ ግን ብሎኩን ትታችሁ እሱ የግዴታ ደብዳቤ እንዲፈርም ለምኑት። ፈራሚው ለልጁ ወጪ በሕግ ተጠያቂ ስለሚሆን ቀላል ልመና አይደለም፤ ቢሆንም 11,904 ዩሮ ከማሰባሰብ ይቀላል። ነጻ የትምህርት ዕድል እንደገና መሞከርም አለ። አንድ ዓመት መዘግየት ሌሊት እየሠሩ ሦስት ዓመት ከመጎተት ይሻላል።

የግድ ብድር ከሆነም አበዳሪው የልጁን ኑሮ የሚያውቅ፣ ዶላር ወይም ድርሃም የሚያገኝ ዘመድ ይሁን፤ ውሉም ይቀየር። የመጀመሪያው ክፍያ ልጁ በሙያው ሥራ ከያዘ ከሦስት ወር በኋላ ይጀምር፤ ብሎኩ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ዩሮ አይጠየቅ። አጎቶችና አክስቶች ይህን ይረዳሉ፤ ሲነገራቸው ስንቶቹ እሺ እንዳሉ አይቻለሁ። ዕቁብተኛ ግን እንዲህ ሊታገስ አይችልም፤ ዕጣው በየዙሩ ይወጣል፣ መዋጮውም በየዙሩ ይጠበቃል። ስለዚህ የዕቁብ ገንዘብ ብሎክ ውስጥ አታስገቡ።