የፈረስ ቁጥር ብዙ ነው፤ ዘሩስ?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የአካባቢውን የፈረስ ሀብት ለዐይን ሙሉ አድርጎ ያሳያል። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር፣ በ1888 ዓ.ም ወደ ዓድዋ ከአርበኞች ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ሲዘክር ከ80 ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ያን ሁሉ ያጌጠ ፈረስና ፈረሰኛ ለተመለከተ ሰው ስለ ፈረስ ዘር መስጋት ያለጊዜው ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የአንድ እንስሳ ዘር አደጋ ላይ የሚወድቀው ቁጥሩ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። በሜዳ ላይ በዝቶ እየታየ፣ በዘሩ ውስጥ ያለው ልዩነት ሊሳሳ ይችላል።

ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች ያሏት፣ በዚህም ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ተመራማሪዎች የአገሪቱን ፈረሶች በአካላዊ ቅርጻቸውና በሚኖሩበት አካባቢ በስምንት ከፍለዋቸዋል፦ የአቢሲኒያ፣ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የኦጋዴንና የኩንዱዶ ፈረሶች። የመጨረሻው በምሥራቅ ሐረርጌ በኩንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ጠባቂ የሚኖር ሲሆን ቁጥሩ እጅግ ተመናምኗል። እያንዳንዱ ዘር የአካባቢውን ብርድ ወይም ሙቀት፣ ግጦሽና በሽታ በብዙ ትውልድ የተላመደ ነው። በአዊ ደጋ ቀንበር ተሸክሞ የሚያርሰው ፈረስና በቆላ ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚጓዘው ፈረስ አንዱ የሌላውን ቦታ በቀላሉ አይተካም።

ቁጥር የማይናገረው

የዘር ብዝኃነት ማለት በአንድ መንጋ ውስጥ ያሉ እንስሳት ከወላጆቻቸው የወረሱት ልዩ ልዩ ጠባይ ስፋት ነው። አዲስ በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣ አንዳንዱ ወድቆ ሌላው የሚተርፈው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ይህን ስፋት በዋናነት የሚወስነው የመንጋው ጠቅላላ ቁጥር ሳይሆን የሚያስረግዙት ድንጉላዎች ብዛት ነው።

ቀላል ስሌት እንውሰድ። በአንድ አካባቢ 100 ባዝራዎችና 5 ድንጉላዎች ቢኖሩ፣ ለዓይን 105 ፈረሶች ናቸው፤ በዘር ስፋት ግን እኩል ወንድና ሴት ካላቸው ወደ 19 ፈረሶች አይበልጡም። ድንጉላዎቹ 25 ቢሆኑ ይህ አሐዝ ወደ 80 ያድጋል። የሥነ ዘር ባለሙያዎች ከ50 እንዳይወርድ ይመክራሉ፤ ከዚያ በታች ሲሆን የቅርብ ዘመዳሞች መዋለድ እየበዛ፣ ተደብቆ የኖረ ጉድለት በውርንጭላዎች ላይ ይወጣልና።

የሌሎች አገሮች ታሪክ ይህን ያረጋግጣል። በኔዘርላንድስ የሚገኘው ታዋቂው ጥቁር የፍሪዥያን ፈረስ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1913 በመዝገብ የቀሩት ድንጉላዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ዘሩ ተርፎ ዛሬ በብዙ አገር ይገኛል፤ ነገር ግን ድንክ ሆኖ መወለድና በጭንቅላት ውስጥ ውኃ መቋጠር የመሳሰሉ የዘር ችግሮች እስከ አሁን ይከተሉታል። በ1960ዎቹ ከዱር የጠፋው የሞንጎሊያው ፕርዠቫልስኪ ፈረስ ደግሞ በእንስሳት ማቆያዎች ከነበሩ ከ15 ከማይበልጡ ፈረሶች ተራብቶ፣ ከ1992 ጀምሮ ወደ አገሩ ተመልሷል። ማዳን ይቻላል፤ ዘግይቶ ማዳን ግን ዋጋው ከባድ ነው።

በእኛ አገር ያለው ጫና

የመጀመሪያው ጫና የሚመጣው ከራሳችን ልማድ ነው። መልከ መልካምና ብርቱ የሆነው ወንድ ፈረስ ለግልቢያ ወይም ለጋሪ እንዲመች ተኮላሽቶ ሰንጋ ይሆናል፤ ለዘር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ማንም ያልመረጠው ነው። ሁለተኛው በቅሎ ናት። በቅሎ በገበያ ከፈረስ የላቀ ዋጋ ስለምታወጣ፣ ጥሩዋ ባዝራ ለአህያ ትሰጣለች። የፈረስ 64፣ የአህያ ደግሞ 62 ክሮሞዞሞች ተገናኝተው የተወለደችው በቅሎ 63 ይዛ ስለምትቀር አትወልድም። አርሶ አደሩ ትርፍ ያገኛል፤ የባዝራዋ ዘር ግን በዚያው ይቆማል።

በዚህ ላይ የግጦሽ መሬት መጥበብ፣ በከተሞች ጋሪን እየተካ ያለው ባጃጅ፣ እንዲሁም ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚያስተላልፉት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ይጨመራሉ። የዚህ በሽታ ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። የመንግሥት የማዳቀል ሥራ ግን በዋናነት በዳልጋ ከብት ላይ ያተኮረ ነው፤ ፈረስ ከማሻሻያ ዕቅዶች ዳር ቆሟል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከውጭ ፈረስ በማስመጣት አይጀምርም፤ ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ ማዳቀል አገሬው ፈረስ የያዘውን ጽናት ሊያጠፋ ይችላል። የመጀመሪያው ሥራ በየቀበሌው ጥቂት የተመረጡ ድንጉላዎች ሳይኮላሹ እንዲቆዩ መስማማትና በየጥቂት ዓመቱ ከሌላ ቀበሌ ጋር መለዋወጥ ነው። ባዝራ ያለው አርሶ አደር ለበቅሎ ከመስጠቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሴት ውርንጭላ ለምትክ ቢያስቀር ገቢውንም ዘሩንም ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና የየወረዳው የእንስሳት ባለሙያዎች ደግሞ ምዝገባውን ሊደግፉ ይገባል።

ለዚህ እንደ አገው ፈረሰኞች ማኅበር ያለ ምቹ መሠረት አይገኝም። በበዓሉ ለጉግሥና ለሽርጥ ከሚሰጠው ክብር ጎን፣ ጥሩ ድንጉላና ውርንጭላ ያስከተለች ባዝራ ላቀረበ አርሶ አደር ሽልማት ቢታከል፣ የአንድ ቀን ትዕይንት የዓመት ሥራ ይሆናል። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እያልን መሪዎቻችንን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ ዘሩን የመጠበቁም ትግል የባለቤቱ ነው።