ኮምፒዩተር ሲታደስ የንግድ መዝገብ እንዳይጠፋ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር ከማንም ሰው ይልቅ ለነጋዴ የተነገረ ይመስላል። ነጋዴ በዱቤ የሰጠውን ዕቃ፣ ከአስመጪ የተረከበውን ሸቀጥና ለመንግሥት የከፈለውን ግብር በጽሑፍ ካላሰፈረ፣ የደከመበት ሀብት በእጁ ሳለ እንኳ የራሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። ይህ የታወቀ ስለ ሆነ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ፣ ከጥቃቅን ነጋዴዎች በቀር፣ ነጋዴ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ይህን ግዴታ አልተወም። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ የሒሳብ ሰነዶች ለዓመታት ተጠብቀው እንዲቆዩ ያዛል።

ዛሬ ግን መዝገቡ ያለው በወፍራም ደብተር ውስጥ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ዛሪማ በሚወርደው መንገድ ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች ሳይቀሩ፣ ደረሰኛቸውን፣ የዱቤ ዝርዝራቸውንና ደብዳቤያቸውን በኮምፒዩተር መጻፍ ጀምረዋል። የኮምፒዩተር ሕመምም አብሮ መጥቷል። በሥራ መካከል መብራት ይጠፋል፤ ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዛመታል፤ ማሽኑ አልነሣ ይላል። የሚሰጠው መድኃኒት በየከተማው አንድ ነው፤ ይኸውም «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ሕመም የሌለባቸው ማሽኖች እንኳ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንባቸው ዘንድ ወደ ጥገና ቤት የሚሄዱበት ጊዜ ሆኗል።

ጉዳዩ በሚገባ ሲመረመር ግን መዝገብን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ሕመሙ ሳይሆን መድኃኒቱ ሆኖ ይገኛል። ማሽኑ አልነሣ ያለው ዊንዶውስ ስለ ተበላሸ ከሆነ፣ ደብዳቤውና ሒሳቡ በዲስኩ ላይ እንደ ተቀመጡ ናቸው። የሚጠፉት ዲስኩ በሚጠረግበት ሰዓትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በሚፈጸም ቸልተኝነት ነው። እንግዲህ ይህ ነገር ለጠጋኝ ባለሞያ ብቻ የሚተው የማሽን ጉዳይ አይደለም፤ የመዝገቡ ባለቤት አስቀድሞ ሊወስንበት የሚገባ የንግድ ጉዳይ ነው።

የዛሪማን ነጋዴ ሁኔታ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ዛሪማ ቆላ ናት፤ ደባርቅ ግን ደጋ ነው። በመካከላቸው ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የቀደዱት ጠመዝማዛው የሊማሊሞ መንገድ አለ። የታመመ ኮምፒዩተር በዚህ ዳገት ወደ ደባርቅ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ወደ ጎንደር ተጭኖ ይሄዳል፤ በተመቸ መኪናም ይመለሳል። ሱቅ ከደረሰ በኋላ ባለቤቱ ማሽኑ መነሣቱንና ደረሰኝ ማተሙን አይቶ ደስ ይለዋል፤ የድሮውን መዝገብ የሚፈልገው ግን ወሩ ሲያልቅ፣ ወይም ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ነው።

በዚህ መካከል ሳይታወቅ የሚያልፍ አንድ ቀጠሮ አለ። ዊንዶውስ ዲስኩ ፎርማት ሳይደረግ በድሮው ላይ እንደ አዲስ ከተጫነ፣ የቀድሞውን ሁሉ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» በሚባል ፎልደር ሰብስቦ በዚያው በዲስክ «ሲ» ላይ ያኖረዋል። ይሁን እንጂ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል በዊንዶውስ 10 እና 11 ይህን ፎልደር ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ይሰርዘዋል። ማሽኑ ሦስት ቀን በጥገና ቤት ቆይቶ ሁለት ቀን በመንገድ ላይ ካሳለፈ፣ ለባለቤቱ የሚቀረው አምስት ቀን ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ባዶ ቦታ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ በተመለሰበት ዕለት፣ አንድ ደረሰኝ እንኳ ሳይታተም፣ ዲስክ «ሲ» ተከፍቶ ይህ ፎልደር መኖሩ ይታይ። ቢገኝ በውስጡ «ዩዘርስ» የሚለው ይከፈታል፤ ከዚያም የቀድሞው ተጠቃሚ ስም ይገኛል፤ በእርሱም ሥር «ዶክዩመንትስ»፣ «ዴስክቶፕ» እና «ዳውንሎድስ» የተባሉት አሉ። እነዚህን ከነሙሉ ይዘታቸው ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ የሚጠይቀው ትዕግሥት እንጂ ልዩ ሞያ አይደለም።

ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ ከሆነም ወዲያው ተስፋ መቁረጥ አይገባም። በፍጥነት የሚደረገው ፎርማት የሚደመስሰው የመጽሐፉን ማውጫ እንጂ ገጾቹን አይደለም፤ ገጾቹ የሚጠፉት አዲስ ጽሑፍ በላያቸው ሲጻፍ ነው። እንዲህ የሆነበት ሰው ማሽኑን አጥፍቶ ዲስኩን ማስወጣት፣ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አያይዞ እንደ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ ባለ ፕሮግራም ማስፈለግ፣ የተገኘውንም በሌላ ዲስክ ላይ ማኖር ይገባዋል። የፍለጋውን ፕሮግራም በዚያው በጠፋው ዲስክ ላይ መጫን ግን የቀረውን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ኤስ ኤስ ዲ በተባለው አዲስ ዓይነት ዲስክ ላይ ደግሞ ማሽኑ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው፣ ከፎርማት በኋላ የማግኘት ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው።

ፋይል ተገኘ ማለት መዝገብ ተገኘ ማለት ላይሆን መቻሉም መታወቅ አለበት። ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የሚገለገሉበት ፒችትሪ የድርጅቱን ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚያኖረው «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ሳይሆን በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው። «ዶክዩመንትስን አትርፌያለሁ» ብሎ የተጽናና ሰው የዓመቱን ሒሳብ ከነሙሉ ሊያጣ ይችላል። የሚሻለው ፒችትሪ ራሱ የሚያወጣውንና «ፒ ቲ ቢ» በሚል ቅጥያ የሚያበቃውን መጠባበቂያ ቅጂ አስቀድሞ መያዝ ነው። በአዲስ እትም የወጣ ቅጂ በአሮጌ እትም ስለማይከፈት፣ የፕሮግራሙ እትም ቁጥርም ከቅጂው ጋር ተጽፎ ይቀመጥ።

የአማርኛ ደብዳቤም የራሱ ችግር አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ መሣሪያዎች የተጻፉ ደብዳቤዎችና ውሎች የሚነበቡት የዚያው ፊደል ቅርጽ በማሽኑ ላይ ሲኖር ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲታደስ ያ ፊደል ከጠፋ፣ ውሉ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ ጸሐፊ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት እንዳይሰርዘው መጠንቀቅ አለበት፤ የድሮው ፊደል ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳልና።

የይለፍ ቃልን በተመለከተም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በኢንተርኔት መክፈቻው ፕሮግራም ውስጥ የተቀመጡት የኢሜይል፣ የግብር ማስታወቂያና ለአስመጪና ላኪ የተዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የይለፍ ቃሎች፣ መክፈቻቸው ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር የታሰረ ስለ ሆነ፣ ፋይሉን በመገልበጥ ብቻ አይመለሱም። ከዚህም በላይ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ፣ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ካልተያዘ ባለሞያም ሊከፍተው አይችልም። እነዚህ በወረቀት ተጽፈው ከማኅተምና ከቼክ ደብተር ጋር በካዝና ሊቀመጡ ይገባል።

በዚህ አሳብ ላይ ጠጋኞች የሚያነሡት መቃወሚያ አለ። ቫይረስ ያለበትን ዲስክ ሳይጠርጉ መመለስ በሽታውን ከነሥሩ መመለስ ነው ይላሉ፤ አባባላቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን መጥረግና አስቀድሞ መገልበጥ አይጋጩም። የሚገለበጠው ደብዳቤና ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም አይደለም፤ ፕሮግራሞች ቢገለበጡም ስለማይሠሩ እንደ አዲስ መጫን አለባቸው። ቅጂው በጸረ ቫይረስ ተፈትሾ ሲመለስ ሁለቱም ጉዳይ ይፈጸማል። ጠጋኙን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይሆንም፤ «አስተካክልልኝ» ብቻ ተብሎ የተሰጠው ሰው የትኛው ፋይል የንግድ ቤቱ ሕይወት እንደ ሆነ ከየት ያውቃል?

ሌሎች ደግሞ ሁሉን በኢንተርኔት በሩቅ አገር ማከማቻ ማኖር ይበቃል ይላሉ። ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይህ መልካም ምክር ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። ከዚያም በፊት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዛሪማና ወደ ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ፣ ሱቅ ዘግቶ መውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ የመንገዱ ነዋሪ ሁሉ አይቶታል። ወፍራም ደብተር ተሸክሞ መሸሽ ያዳግታል፤ በኪስ የምትገባ ትንሽ ዲስክ ግን ከባለቤቷ ጋር ትወጣለች። በመሆኑም አንድ ቅጂ በሱቅ፣ አንድ ቅጂ በመኖሪያ ቤት ወይም በታመነ ዘመድ ዘንድ፣ ኢንተርኔት ሲኖርም ሦስተኛ ቅጂ በዚያ ማኖር የተሻለ ነው።

ለዚህ ሁሉ ማሰሪያ የሚሆነው አንዲት ወረቀት ናት። ነጋዴ አንድ ኩንታል ሰሊጥ ያለ ርክክብ ሰነድ ለሹፌር አይሰጥም፤ የአሥር ዓመት ሒሳቡን የያዘ ማሽን ግን ያለ አንዳች ጽሑፍ ለጥገና ቤት ያስረክባል። በርክክቡ ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች ቢሰፍሩ ይበቃል፦ ፋይሉ በውጭ ዲስክ ሳይገለበጥ ማሽኑ ፎርማት እንዳይደረግ፤ የሚተርፉት ፎልደሮች፣ ፕሮግራሞችና ፊደሎች በስም እንዲዘረዘሩ፤ ባለቤቱም ማሽኑን ሲረከብ አንድ የቆየ ደረሰኝና አንድ የቆየ ደብዳቤ አስከፍቶ እንዲያይ። የንግድ ምክር ቤቶችም ይህን የመሰለ ቅጽ አሳትመው ለአባሎቻቸውና ለጥገና ቤቶች ቢያድሉ፣ ወጪው የጥቂት ገጽ ወረቀት ሲሆን ጥቅሙ ግን ከብዙ ክርክር የሚያድን ነው።

ማሽን ቢያረጅ ሌላ ይገዛል፤ ዊንዶውስም ቢበላሽ በአንድ ሰዓት ይጫናል። ማን ምን ያህል እንዳለበት የሚናገረው ጽሑፍ ግን አንዴ ከጠፋ ከየትም ሱቅ አይገዛም። ባለዕዳው ቢክድ፣ ግብር ሰብሳቢው ቢጠይቅ፣ ወይም ባለቤቱ ቢሞትና ልጆቹ ንግዱን ቢረከቡ የሚመልስላቸው እርሱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ ማሽኑ ደኅና ሳለ፣ በዚህ ሳምንት፣ የመጀመሪያውን ቅጂ እንዲያስወጣ ያስፈልጋል።