ከወለድ ነፃ ባንኮች ተከፍተዋል፤ ባለሙያውስ? የኤሲሲኤ እና የሲኤፍኤ ጉዞ ከላስታ ሲታሰብ

በ2017 ዓ.ም አጋማሽ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የአገራችንን የፋይናንስ ዘርፍ የሚቀይሩ ሁለት ነገሮች ሆነዋል። በታኅሣሥ ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017ን አጽድቆ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። ጥር 2 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተመረቀ፤ ወጋገን ባንክም በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ። ከዚህ በኋላ ባንኮች የሚፎካከሩት በቅርንጫፍ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሒሳብ መዝገባቸው ጥራትና መዝገቡን በሚያዘጋጀው ሰው ብቃትም ነው።

ይህ ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የተለየ ትርጉም አለው። ከወለድ ነፃ ባንክ በቀላሉ አልመጣም። በ2000 ዓ.ም የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በስም ቢያነሳም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ አገልግሎቱን በመደበኛ ባንኮች መስኮት ብቻ ወሰነው። በዚያን ጊዜ በምሥረታ ላይ የነበረው ዘምዘም ባንክም በዚሁ ምክንያት ቆመ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም ነው። ዘምዘም በሰኔ 2013 ዓ.ም በሩን ከፈተ፤ ሂጅራ፣ ራሚስ እና ሸበሌም ተከተሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የተጠየቀው ፈቃድ ተገኘ። አሁን የጎደለው የሰው ኃይል ነው።

በሌላ በኩል በላስታ ተራሮች መካከል ያለውን ወጣት እንመልከት። ላሊበላ የኖረችው በጎብኚ ነው። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ጎብኚውን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ ከዚያ በኋላም ከተማዋ ለረጅም ወራት ያለ መብራት ቆየች። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱንም ኢንተርኔቱንም ዘጋ። በአስጎብኚነት፣ በሆቴል፣ በሱቅ እና በትራንስፖርት የሚተዳደረው ሙስሊምም ክርስቲያንም እኩል ተጎዳ። በዚህ መሐል ከወልድያ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቆ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት «ኤሲሲኤ ልጀምር? ወይስ ሲኤፍኤ? ለመሆኑ ያዋጣል?» ብሎ ይጠይቃል።

ያዋጣል፤ ነገር ግን የትኛውን አስቀድሞ፣ በየትኛው ወር እና በማን ገንዘብ እንደሚማር ከወሰነ ብቻ ነው። ሦስቱን ሳይወስን የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ በመሐል ያቋርጣል፤ የከፈለው ገንዘብም አይመለስለትም።

የትኛው ይቅደም?

ኤሲሲኤ የብሪታንያ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ማዕረግ ነው። 13 ፈተናዎች አሉት፦ ሦስት የመነሻ፣ ስድስት የክህሎት፣ አራት የስትራቴጂ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከፈተናው ሌላ የሥነ ምግባር ትምህርት እና የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሲኤፍኤ ደግሞ የአሜሪካ ሲሆን፣ በኢንቨስትመንት ትንተና ላይ ያተኮሩ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ተቋሙ ራሱ ለእያንዳንዱ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ማጥናትን ይመክራል። በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያውን ደረጃ ከወሰዱት ውስጥ ያለፉት ከግማሽ በታች ናቸው።

ለኢትዮጵያ የሥራ ገበያ ኤሲሲኤ መቅደም አለበት ብለን እናምናለን። ምክንያቱ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ባንኮችን ጨምሮ ተቋማት የሒሳብ ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች (አይኤፍአርኤስ) እንዲያዘጋጁ አስገድዷል፤ ይህንንም የሚቆጣጠር የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል። ስለዚህ አይኤፍአርኤስን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ዛሬውኑ ፈላጊ አለው። የሲኤፍኤ ዋና የሥራ መስክ የካፒታል ገበያ ነው፤ የእኛ ገበያ ግን ገና ጨቅላ ነው። ገበያው ሲያድግ፣ በተለይም ሱኩክ ሲመጣ፣ የሲኤፍኤ ዋጋ ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ በኢንቨስትመንት ሥራ ላይ ላለ ሰው ዛሬም ሊጠቅም ይችላል፤ ከላሊበላ ለሚነሳ ጀማሪ ግን ሁለተኛው እርምጃ ቢሆን ይሻላል።

ሁለቱም የማይሞሉት ክፍተት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የላሊበላ ነጋዴ የእህል ወፍጮ በሙራበሓ ፈለገ እንበል። ባንኩ ወፍጮውን በ400 ሺህ ብር ገዝቶ በ12 ወር በሚከፈል 480 ሺህ ብር ሸጠለት። የ80 ሺህ ብሩ ትርፍ መቼ ነው በመዝገብ ላይ ትርፍ ተብሎ የሚጻፈው? በመጀመሪያው ቀን ሁሉም? ወይስ በየወሩ ተከፋፍሎ? በአይኤፍአርኤስ ስሌቱ የሚሠራው «ውጤታማ የወለድ ምጣኔ» በተባለ ዘዴ ነው፤ ስሙ ራሱ ለሸሪዓ ኮሚቴ ጆሮ ይከብዳል። ነጋዴው ክፍያ ቢያዘገይ ደግሞ የሚጣልበት ቅጣት የባንኩ ገቢ ሆኖ መጻፍ የለበትም፤ ተለይቶ ወደ በጎ አድራጎት መሄድ አለበት። ይህን ለይቶ የሚይዘው የሒሳብ ሠራተኛው ነው። እርሱ ካላወቀ ሸይኹ ፈትዋ ቢሰጡም ገንዘቡ በመዝገቡ ውስጥ ይደባለቃል።

የሙዳረባ ተቀማጭም እንዲሁ ነው። የደንበኛው ገንዘብ የባንኩ ዕዳ ነው ወይስ ትርፍና ኪሳራን የሚጋራ መዋዕለ ንዋይ? አይኤፍአርኤስ በአብዛኛው ዕዳ ብሎ ይመድበዋል። መቀመጫውን ባህሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ድርጅት (አዮፊ) ግን በዕዳና በባለቤቶች ካፒታል መካከል ራሱን የቻለ ቦታ ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ ሪፖርቱ የሚወጣው በአይኤፍአርኤስ ስለሆነ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አዮፊ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት የምስክር ወረቀቶች አሉት፦ አንዱ ለሸሪዓ አማካሪና ኦዲተር፣ ሌላው ለሒሳብ ባለሙያ።

የወሎ ልጅ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከየጁው ዳና ጀምሮ በወሎ ሐሪማዎች ፊቅህ የቀራ ደረሳ፣ የግብይትን ምዕራፍ ከሸይኹ ፊት ቁጭ ብሎ ተምሮታል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ብድር አጻጻፍ መሆኑንም ያውቃል። ይህ ዕውቀት ከኤሲሲኤ ጋር ቢገናኝ በአገር ውስጥ ብቻ ሳይሆን በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ፈላጊ አለው። ሁለቱ ዕውቀቶች ግን እስካሁን በአብዛኛው በሁለት የተለያዩ ሰዎች ውስጥ ነው ያሉት፦ አንዱ መድረሳ፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ።

«ፈተናው ስለ ወለድ ነው፤ መማሩስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ስሌቱን መማር እና በወለድ ሥራ ላይ ተቀጥሮ መሥራት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የሥራ ቦታውን ጉዳይ እያንዳንዱ ሰው ዝርዝሩን ይዞ ለሚያምናቸው ዑለማ ያቅርብ። ወለድ በመዝገብ ላይ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው ግን ከመዝገብ ሊያወጣው አይችልም።

ቀን መቁጠሪያውን ከፈተናው ወደኋላ መቁጠር

የኤሲሲኤ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፦ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበር እና በዲሴምበር። ሦስቱ የመነሻ ፈተናዎች ግን በማዕከል በማንኛውም ጊዜ ሊወሰዱ ይችላሉ። አንድ ሙስሊም የባንክ ሠራተኛ አራቱንም ወቅቶች እኩል ማየት የለበትም። በ2018ም ሆነ በ2019 ዓ.ም ረመዷን ከማርቹ ፈተና ጋር ይገጥማል። የሴፕቴምበሩ ዝግጅት ደግሞ የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም የበጀት ዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበትና ኦዲተር በሚመጣበት ጊዜ ነው። የሚቀሩት በግንቦት መጨረሻ የሚውለው ጁን እና በኅዳር መጨረሻ የሚውለው ዲሴምበር ናቸው። በዓመት በሁለቱ ላይ ማተኮር ገንዘብም ጉልበትም ይቆጥባል።

ሒሳቡን እንሥራው። ምንም ፈተና ሳይቀነስለት የጀመረ ሰው ሦስቱን በመጀመሪያው ዓመት ጨርሶ ቀሪዎቹን አሥር በዓመት ሁለት ሁለት ቢወስድ በአጠቃላይ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ሦስት ሦስት ቢወስድ ከአራት ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ኤሲሲኤ እንደ ዲግሪው ዓይነት እስከ ዘጠኝ ፈተና ሊቀንስ ይችላል። ዘጠኙ የተቀነሱለት ሰው አራት ይቀሩታል፤ በዓመት ሁለት ቢወስድ በሁለት ዓመት ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጽሐፍ መግዛት ሳይሆን ትራንስክሪፕትን አስገብቶ ስንት ፈተና እንደሚቀነስ ማረጋገጥ ነው። ለሚቀነሰውም ፈተና ክፍያ አለ። ዓመታዊ የአባልነት ክፍያው ደግሞ ፈተና ባይወሰድም አይቀርም፤ መዘግየት ራሱ ወጪ ነው።

የሲኤፍኤን 300 ሰዓት በቀን ሁለት ሰዓት ብንከፍለው 150 ቀን፣ ማለትም አምስት ወር ይሆናል። ሁለቱ ሰዓታት ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ስልክ ሳይጮህ ቢሆኑ ይመረጣል። ለሲኤፍኤ ፈተና የጸና ፓስፖርት እንደሚያስፈልግ ሳያውቅ የተመዘገበ ሰው ደግሞ አጥንቶም ላይፈተን ይችላል።

ከላሊበላ ለሚነሳ ሰው ሦስት ተጨማሪ ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ኢንተርኔትና መብራት ይኖራል ብሎ ማቀድ አይገባም። ትምህርቱን በስልክ ላይ ማውረድ፣ የልምምድ ጥያቄዎችን አትሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ኤሲሲኤ ከማርች 2026 ጀምሮ ከቤት ሆኖ በርቀት መፈተንን ከልዩ ሁኔታ በቀር አቁሟል። ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ነው፤ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሊዘጋም ይችላል። ከፈተናው ሳምንት በፊት መድረስን በበጀት ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ የ36 ወሩን የሥራ ልምድ የሚያረጋግጠው ብቃት ያለው የሒሳብ ባለሙያ ነው። በአነስተኛ ቅርንጫፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ላይገኝ ስለሚችል፣ ማን እንደሚፈርም ገና ሲጀመር መጠየቅ ይበጃል።

ማን ይክፈል?

ክፍያው በፓውንድና በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዕቁብ ብር እያጠራቀመ ፈተና የሚጠብቅ ወጣት እርሱ ሲያጠራቅም ዋጋው ይሸሸዋል። የአንድ ቤተሰብ አቅም ይህን ብቻውን አይችለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ባንኮቹ ይሄዳል። ከወለድ ነፃ ባንኮችና የመስኮት አገልግሎት የሚሰጡ መደበኛ ባንኮች ከሙስሊሙ ማኅበረሰብ አክሲዮንና ተቀማጭ ሰብስበዋል። የፈተና ክፍያን ሸፍኖ ሠራተኛውን ለተወሰነ ዓመት በአገልግሎት ውል ማሰር በሌሎች መሥሪያ ቤቶች የተለመደ አሠራር ነው። ይህ የማይቻልበት ቦታ ላይ፣ የተማረ ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው የቀርድ ሐሰን ፈንድ በየከተማው ጀመዓ ሊቋቋም ይችላል። የሲኤፍኤ ተቋም አክሰስ ስኮላርሺፕ የሚባል የክፍያ ቅናሽ አለው፤ ከመክፈል በፊት ማመልከት ያዋጣል። ባለአክሲዮኖችም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ትርፍ ክፍፍል እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ «ባንካችን ስንት ብቁ የሒሳብ ባለሙያ አለው? ዘንድሮ ስንቱን እያስተማረ ነው?» ብለው ቢጠይቁ መብታቸው ነው።

የውጭ ባንኮች ሲገቡ በመጀመሪያ የሚወስዱት የሠለጠነውን ሰው ነው። ጥቂት ባለሙያ ብቻ ያለው ከወለድ ነፃ ባንክ እነዚያን ጥቂቶች ካጣ፣ የሸሪዓ ኮሚቴው ማንበብ በማይችለው ሪፖርት ላይ ለመፈረም ይገደዳል። ያኔ የሚጎዳው ወፍጮውን በሙራበሓ የገዛው፣ ትርፉ ሐላል መሆኑን አምኖ የሚከፍለው ነጋዴ ነው። ለዲሴምበር ፈተና የሚዘጋጅ የላስታ ወጣት ትራንስክሪፕቱን በዚህ ወር ያስገባ፤ ባንኮቹም የሚከፍሉለትን መንገድ በዚህ የበጀት ዓመት ያመቻቹ። ወላሁ አዕለም።