ደመ ከልብ

አሜሪካ የሚኖር ዘመዳችን ሰሞኑን ደውሎ ሲያጫውተን፣ ለውሻው በየወሩ 50 ዶላር ኢንሹራንስ እንደሚከፍል ነገረን። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አያታችንማ «እኔን እንኳን ማን ኢንሹራንስ ገባልኝ?» አሉና አረፉት።

ስቀን ስናበቃ ግን ሒሳቡን ሠራነው። በወር 50፣ በዓመት 600፣ ውሻው 10 ዓመት ቢኖር 6,000 ዶላር። ያውም ዓረቦኑ ካልጨመረ ነው፤ ውሻው ባረጀ ቁጥር ግን ይጨምራል። በለውጡስ? እንበል ውሻውን መኪና ገጨውና ሕክምናው 5,000 ዶላር ጠየቀ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ውሉ «የመጀመሪያው 500 ዶላር በአንተ፣ ከቀሪው 80 በመቶ በእኛ» የሚል ከሆነ 3,600 ዶላር ይመለስለታል። ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ግን በአብዛኛው አይሸፈንም።

ታዲያ ያዋጣል? ኢንሹራንስ የሚገባው ለትርፍ አይደለም። ዕድር የሚከፍል ሰው «ቶሎ ሞቼ ብሬን ላስመልስ» አይልም እኮ! ድንገት የመጣ 5,000 ዶላር «ወይ ዕዳ፣ ወይ የውሻው ሞት» የሚያስመርጠው ሰው ውሻው ገና ቡችላና ጤነኛ ሳለ ይግባ። ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ያለው ደግሞ ወርኃዊውን ክፍያ ለብቻ ቢያጠራቅም ይሻለዋል።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ከጓደኞቻችን አንዱም ለውሻው ኢንሹራንስ ገብቶ አያውቅም። ግን የእኛ ትልቁ ሥጋት የውሻው ቀዶ ጥገና ነው እንዴ?

አምና አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከጎረቤት ግቢ ያመለጠ ውሻ እግሩን ነከሰው። እናቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተከትቧል?» ባለቤቱ «ቦቢ እኮ ጤነኛ ነው» አለ። ካርድ ግን የለም። ልጁ ለክትባት ሲመላለስ፣ እናቱ ሌሊት እየተነሳች ግንባሩን ስትዳስስ ሰነበተች። ልጁ ደህና ነው። እኛም በዚያው ቀን ቤታችን ገብተን የራሳችንን ውሻ ካርድ ፈለግን። አላገኘንም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ከሚይዘው የዚህ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በአካባቢው ካሉ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ግን መተላለፉ ይገታል። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት።

ካሣ የሌለው ደም «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል፤ የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ለማለት። ውሻ የሚያፈሰው ደም ግን ጠያቂ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071፣ እንስሳው ድንገት አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል።

ስለዚህ የእኛ የመጀመሪያው ኢንሹራንስ በየጊዜው የሚታደስ ክትባትና የተዘጋ በር ነው። እሱን እንኳን የአሜሪካው ተራ የውሻ ኢንሹራንስ በአብዛኛው አይሸፍንም፤ የባለቤቱ ግዴታ ነውና። ከዚያ የተረፈ ብር ካለ፣ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

እኛ ውሻችንን አስከትበናል። ካርዱም ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል።