ጥያቄያችን በቃል አይቅር

ውድ የቡይት ራስ ነዋሪዎች፣

እንደሚታወቀው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲቋቋም ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በኋላ ወደ 412 ሰፍቷል። ታዲያ ወሰኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ለባለ ከብቱም ለገብስ አራሹም የኑሮ ጉዳይ ነው። ካርታው ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ወሬ ብቻ ነው።

ማኅበራችን የካርታውንና የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። «ነገ ኑ» ተባልን፤ በነጋታው ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ጥፋቱ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም። እኛም ባዶ እጃችንን ሄደን በቃል ነው የጠየቅነው። ማን መጣ፣ መቼ መጣ ቢባል ምን ማስረጃ አለን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ መጠየቅ የማንኛውም ሰው መብት መሆኑን፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፣ ከተከለከለም ምክንያቱ እንዲገለጽ ደንግጓል። የተከለከለ ሰው ለበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው፦ ማመልከቻ እንጻፍ። የምንፈልገውን ወረቀት ለይተን እንጥቀስ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገን ቁጥርና ቀን እናስይዝ፤ ቅጂውንም እናስቀምጥ። ከዚያ ቀን እንቁጠር። ይህ ክስም ጠብም አይደለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ማመልከቻው ማኅበሩ ቤት ተዘጋጅቷል፤ እየመጣችሁ ፈርሙ።

የማኅበሩ ጸሐፊ